ስለ ንጉሥ ካሌብ ታሪካዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ፦ ገድሉ ከዘለላቸው ዓመታት መነሣት

ግማሹ በታሪክ፣ ግማሹ በአፈ ታሪክ ስለሚታወቅ ጥንታዊ ሰው ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው ገና በመነሻው ነው። የሰውየውን ሕይወት ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ ልተርክ ብሎ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ግን የጻፈው ነገር ገድልም ልብ ወለድም ሳይሆን ቀርቶ ያገኘዋል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር የአክሱሙን ንጉሥ ካሌብን እንደ ማሳያ ይዞ የሚሄድ ነው። ካሌብን የመረጥሁት ስለ እርሱ ድንጋይም፣ ሳንቲምም፣ የባዕድ አገር መንገደኛም፣ ገድልም ስለሚናገሩና እነዚህ ምስክሮች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ነው። ስለ ንግሥተ ሳባ ወይም ስለ ዮዲት ጉዲት የሚጽፍ ሰውም አካሄዱን ሊወስደው ይችላል፤ እጁ ላይ የሚገኘው ምስክር ግን እጅግ ያነሰ ስለሚሆን የፈጠራው ድርሻ ያን ያህል ይሰፋበታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ምስክሮችን ለያይቶ መመዝገብ

አንድ ወፍራም ደብተር ይግዙና እያንዳንዱን ገጽ በሦስት ዓምድ ይክፈሉት። የመጀመሪያው ዓምድ በድንጋይና በብረት ላይ የተጻፈው፣ ሁለተኛው በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎች የጻፉት፣ ሦስተኛው ደግሞ ገድል፣ ስንክሳርና ክብረ ነገሥት የሚሉት ይሁን። በእያንዳንዱ መረጃ አጠገብ መቼ እንደተጻፈ፣ የት እንደተጻፈና ጸሐፊው ነገሩን በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ የሚለውን መመዝገብ ግዴታ ነው። ይህን ሳያደርጉ የቀሩ እንደሆነ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ነገር ከየት እንደመጣ ማስታወስ አይቻልም፤ እኔ አንድ ሙሉ ክረምት ያባከንሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በካሌብ ጉዳይ የመጀመሪያው ዓምድ ብዙ የሚጨበጥ ነገር አለው። አክሱም ውስጥ የተገኘው የካሌብ የድንጋይ ጽሑፍ ቋንቋው ግዕዝ ሆኖ ፊደሉ የደቡብ ዐረቢያ ፊደል ነው፤ የወርቅ ሳንቲሙ በግሪክኛ የተቀረጸ ሲሆን «የታዜና ልጅ» መሆኑን ይናገራል። ከባሕር ማዶ ደግሞ በደቡብ ዐረቢያዋ ከተማ በናጅራን አቅራቢያ ባለ ዓለት ላይ፣ በዛሬዋ የመን የነበረው የሂምያር መንግሥት ንጉሥ የጦር አዛዥ በ523 ያስጻፈው ጽሑፍ አለ፤ ቀኑ የተመዘገበው በሂምያር አቆጣጠር 633 ተብሎ ነው።

ሁለተኛውን ዓምድ የሚሞሉት ነጋዴዎችና መልእክተኞች ናቸው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ካሌብ ለዘመቻ ሲሰናዳ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው የአክሱም ወደብ በአዱሊስ ነበር፤ በአገረ ገዢው በኩል ታዝዞ በዚያ የቆመውን የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጧል፤ የጻፈው ግን ከ25 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ከእርሱ ሌላ ኖኖሶስ የተባለው የሮም መልእክተኛ እንዲሁም ታሪክ ጸሐፊዎቹ ፕሮኮፒየስና ማላላስ አሉ። ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ የናጅራን ሰማዕታት ገድል፣ ገድለ ጰንጠሌዎንና ስንክሳር ይገባሉ።

ሁለተኛ፦ ምስክሮቹ የሚጋጩበትን ቦታ መፈለግ

ብዙ ሰው ግጭት ሲያጋጥመው ያማክላል፤ ይህ ለታሪክ ተማሪም አይበጅም፣ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ደግሞ ጨርሶ ኪሳራ ነው። ከአዱሊስ እስከ አክሱም ያለውን መንገድ ይውሰዱ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ እስከ ቆሎዔ 3 ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም 5 ቀን፣ በድምሩ 8 ቀን ይላል። ፕሮኮፒየስ 12 ቀን ይላል። ኖኖሶስ 15 ቀን ይላል፤ በመንገዱም ላይ አውዔ በሚባል ቦታ 5,000 ያህል ዝሆን አይቻለሁ ብሎ ጽፏል። «በአማካይ 12 ቀን ፈጀባቸው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሚሻለው ግን እነዚህን ቁጥሮች ለሰዎች ማከፋፈል ነው፦ ጭነቱ የቀለለለት መልእክተኛ በ8 ቀን ይደርሳል፤ የዝሆን ጥርስ የተሸከመው ቅፍለት 12 ቀን ይወስድበታል፤ በየመንደሩ ግብር እየተዘጋጀለት የሚጓዘው የባዕድ አገር እንግዳ ደግሞ 15 ቀን ይፈጅበታል። እንዲህ ሲሆን የቁጥሮቹ አለመስማማት የመደብ ልዩነት ማሳያ ይሆናል።

የሂምያሩ ንጉሥ አሟሟትም እንዲሁ ነው። ይህ ሰው በራሱ አገር ጽሑፍ ዩሱፍ፣ በዐረብ ትውፊት ዙ ኑዋስ፣ በግዕዝ መጻሕፍት ፊንሐስ ይባላል። የዐረብ ተራኪዎች ሽንፈቱን ባየ ጊዜ ፈረሱን ወደ ባሕር ነድቶ እንደ ሰጠመ ያወራሉ፤ የእኛ መጻሕፍት በካሌብ እጅ እንደ ተገደለ ይናገራሉ፤ በደቡብ ዐረቢያ ጠረፍ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍም ሐበሾች የሂምያርን ንጉሥ ገደሉ ይላል። ድንጋዩን ማመን ተገቢ ነው። ነገር ግን የፈረሱን ወሬ አይጣሉት፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ከጦርነቱ ዓመት በኋላ ገበያ ላይ የሚወራ አሉባልታ አድርገው ያስገቡት። አፈ ታሪክ እንዴት እንደሚወለድ ለአንባቢ ማሳየት ከዚህ በላይ ቀላል መንገድ የለውም።

ሦስተኛ፦ ክፍተቱን መለየት

የአሠራሩ እምብርት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አሁን ከሦስቱ ዓምዶች አንድ የዘመን መስመር ያውጡ። በ523 የናጅራን ክርስቲያኖች ተጨፈጨፉ። በ525 ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ሂምያርን ያዘ፤ ሱምያፋ አሽዋ የተባለውን የአገሩን ሰውም አነገሠ። በ531 ገደማ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የዩስቲኒያኖስ መልእክተኛ ወደ አክሱም መጣ። ከዚያ በኋላ አብርሃ የተባለ ሰው በሂምያር ዐምፆ ሥልጣን ያዘ፤ ፕሮኮፒየስ እንደሚለው ካሌብ ሊቀጣው የላካቸው 3,000 ወታደሮች አዛዣቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋር አበሩ፤ ሁለተኛው ጦርም ተሸንፎ ተመለሰ።

ገድሉ ግን ሌላ ይላል። ካሌብ ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ ይህን ዓለም ንቆ፣ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፣ ምንኩስናን መረጠ ይላል። ድሉና ምናኔው በገድሉ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። ማላላስ ግን በ531 ገደማ የሄደውን መልእክተኛ ቃል ጠቅሶ፣ ንጉሡ ዝሆኖች በተጠመዱበት ባለ አራት መንኮራኩር ሠረገላ ላይ ቆሞ፣ በወርቅ የተጌጠ በፍታ ለብሶ፣ በወርቅ የተለበጠ ጋሻና ጦር ይዞ እንግዳውን እንደተቀበለ ጽፏል። ከድሉ እስከዚህ ቀን ቢያንስ ስድስት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ዘውዱን ሊያወልቅ የወሰነ ሰው ለምን ስድስት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ተሸከመው? ታሪክ ጸሐፊው «ገድሉ ዘመኑን አሳጥሮታል» ብሎ ያልፋል። አማኙ «ልቡ የመነነው በዚያው ቀን ነበር» ይላል። ልብ ወለድ ጸሐፊው የሁለቱንም መልስ ሳይነካ በመካከላቸው ባለው በር ይገባል። መጽሐፉ የሚነሣው ከዘመቻው ሳይሆን ዘመቻው ካለቀ በኋላ ካለው ጸጥታ ነው፤ ዘመቻው በትዝታ፣ በቁስልና በዕዳ ብቻ ይታያል። በእኔ ግምት የጦርነት ትዕይንት የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ከድል በኋላ የሚመጣውን ድካም የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

አራተኛ፦ የሚያየውን ዓይን መምረጥ

ንጉሡን በንጉሡ ዓይን አይጻፉ። ቅዱስ ተብሎ የሚታሰብ ሰው ውስጥ ገብቶ «ብሎ አሰበ» ማለት ምእመኑን ያስቀይማል፤ ከዚያም በላይ ደግሞ ውጤቱ ደካማ ይሆናል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ስለሚፈራ ንጉሡን ክፉም ደካማም ሊያደርገው አይደፍርም። ከታች የሚያይ ሰው ይፈልጉ።

ታሪኩ ራሱ አንድ ድንቅ ሰው አስቀምጦልናል። ፕሮኮፒየስ እንደሚለው አብርሃ ንጉሥ ከመሆኑ በፊት አዱሊስ ውስጥ በባሕር ንግድ የተሰማራ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር። ይህ ሰው ኋላ የማርብን ግድብ አስጠግኖ በድንጋይ ያስጻፈ፣ በሰንዓ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ፣ በእስልምና ትውፊትም «ባለ ዝሆኖቹ» ተብሎ የሚታወቅ ሰው ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ወደብ ዳር ጭነት ሲቆጥር አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይና ስሙ ባይጠራ፣ የሚያውቅ አንባቢ ይደነግጣል፤ የማያውቀውም አይጎዳም።

ዋናው ተራኪ ግን ሙሉ በሙሉ የፈጠራ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ መርከብ ሰፊ። በዚያ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ሳንቃቸው በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ እንደነበር ፕሮኮፒየስ ጽፏል። በናጅራን ሰማዕታት ገድል መሠረት ለዘመቻው ከተለያዩ ወደቦች 60 መርከብ ተሰበሰበ፦ 20 ከቁልዝም፣ 15 ከአይላ፣ 7 ከዮታቤ፣ 7 ከፋረሳን፣ 2 ከበረኒቄ፣ 9 ደግሞ ከሕንድ የመጡ፤ ንጉሡም 10 አሠርቶ ጨመረ። እነዚያን 10 መርከቦች የሰፋው ማን ነው? ስንት እጅ ተቦጨቀ? ከመርከብ ሰፊዎቹ አንዱ አብሮ ተሳፍሮ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል፤ ሚስቱም ጋባዛ ወደብ ላይ ቀርታለች። ከዚህ በኋላ የምናየው በእርሷ ዓይን ይሁን።

አምስተኛ፦ ቋንቋውን መወሰን

የአማርኛ ጸሐፊ እዚህ ላይ አንድ የራሱ የሆነ ችግር አለበት። ሰዎቹ የሚናገሩት ግዕዝ ነው፤ ግዕዝ ደግሞ «አንተ»ና «አንቺ» እንጂ «እርስዎ» የሚል የአክብሮት መጠሪያ የለውም። በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ መነኩሴውም ገበሬውም ንጉሡን «አንተ» ነው የሚሉት። በአማርኛ «ንጉሥ ሆይ፣ አንተ ነህ የላክኸው» ብሎ መጻፍ መጀመሪያ ጆሮን ይሻክራል፤ ነገር ግን ሁለት ገጽ ታግሦ ላነበበ ሰው ዘመኑ ሩቅ መሆኑን ከየትኛውም ገለጻ በላይ ያሳውቀዋል። እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ይህን የመረጠ ጸሐፊ በትረካውም ንጉሡን «እርሱ» ማለት አለበት፤ በንግግር «አንተ»፣ በትረካ «እሳቸው» ከሆነ ጽሑፉ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ማዕረጎቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። በአክሱም ገንዘቦች ላይ የሚነበበው «ንጉሥ» የሚለው ነው፤ «አፄ»፣ «ጃንሆይ»፣ «ራስ»፣ «ደጃዝማች» የኋላ ዘመን ድምፅ ይዘው ይመጣሉ፤ የተቀመጡበትን ምዕራፍ ወደ ጎንደር ይወስዱታል። በሌላ በኩል ምልልሱን በሙሉ በግዕዝ ቃላት ማጨቅ አንባቢን ማሠቃየት ነው። በአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ቃል፣ ለዚያውም ከዐውዱ ትርጉሙ የሚገባ፣ ይበቃል። «ነፃነት»፣ «ብሔር»፣ «ሉዓላዊነት» የሚሉትን ከወታደር አፍ ያውጧቸው።

ስድስተኛ፦ ያለ ዘመኑ የገባውን ማጣራት

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ለዕቃ፣ ለምግብና ለዕፅዋት ብቻ አንድ ንባብ ያድርጉ። እኔ በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ወታደሮቹን ቡና አጠጥቻቸው ነበር፤ ቡና መጠጣት የሚታወቀው ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ስለሆኑ ከ1500 በፊት በዚህ ምድር አይታሰቡም። ባሕር ዛፍ የምኒልክ ዘመን ነው። በትግራይ ኮረብታ ላይ የሚታየው የበለስ ቁልቋልም የአሜሪካ ተክል ነው፤ «የአክሱም ኮረብታዎች በበለስ ተሸፍነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው።

ባዶ ማዕድ አቅርቡ ማለት ግን አይደለም። በ1990ዎቹ በአክሱም በተደረገው ቁፋሮ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ተልባና ወይን ተገኝተዋል። ኮስማስ ሳሱ ወደሚባለው የወርቅ አገር ስለሚሄደው ከ500 በላይ ሰው ስላለው የነጋዴ ጉዞ ሲተርክ፣ በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱን በእሾህ አጥር ላይ አኑረው እንደሚርቁ፣ የአገሩም ሰው ወርቁን አጠገቡ አስቀምጦ እንደሚሸሽ፣ ያለ ቃል እንደሚገበያዩ ይነግረናል። እንዲህ ያለ ትዕይንት የተገኘለት ጸሐፊ የቡና ሥነ ሥርዓት ምን ያደርግለታል?

የአየሩም ነገር እንዲሁ ይጣራ። በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ከሰኔ እስከ መስከረም ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ በሌላው ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። መርከቦቹ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ወደ ደቡብ ተነሡ መባሉ ከዚህ ጋር ይስማማል። በጥር መርከብ የሚያስነሣ ጸሐፊ ቢያንስ ቀዛፊዎቹን ማማረር አለበት።

ሰባተኛ፦ አንድ ትዕይንት መጻፍ

ከላይ የተባለውን በአንድ ዕቃ ላይ እንሞክረው። የካሌብ የወርቅ ሳንቲም መዝኖ ከ2 ግራም አይሞላም። በአንደኛው ገጹ ንጉሡ ዘውድ ደፍቷል፤ በሌላው ራሱን በጨርቅ አስሯል፤ ግራና ቀኙን ሁለት የእህል ዛላዎች ከብበውታል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው የአክሱም ሳንቲሞችን በብሔራዊ ሙዚየም፣ እንግሊዝ የሚኖር ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም ማየት ይችላል፤ በፎቶግራፍ ከማየት ይልቅ መስተዋቱ ላይ ተደፍቶ ማየት ይሻላል፤ ትንሽነቱ የሚያስደነግጠው ያን ጊዜ ነውና።

የተለመደው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ታላቁ ንጉሥ በግርማ ሞገስ ተነሥተው፣ ‹ሠራዊቴ ሆይ፣ ስለ ሃይማኖታችን እንዘምታለን!› ሲሉ ምድር በእልልታ ተናወጠች።»

በዚህ ውስጥ የሚታይም የሚዳሰስም ነገር የለም። ያቺኑ የጋባዛ ሴት ከሳንቲሙ ጋር ብናገናኛትስ፦

«ወርቁን በጥርሷ ነከሰችው። ንጉሡ በአንዱ ገጽ ዘውድ ደፍቷል፤ ገልብጣ ስታየው ራሱን በጨርቅ አስሯል፤ እርሻ የሚውል ሰው ይመስላል። በዙሪያው የተጻፈውን ማንበብ አትችልም፤ የጽርዕ ፊደል ነው። ‹ምን ይላል?› አለችው ነጋዴውን። ‹ካሌብ፣ የታዜና ልጅ።› ‹ባሌን የወሰደው እሱ ነው?› ነጋዴው ወርቁን ከእጇ ወሰደና ሚዛኑ ላይ አኖረው። ‹ክብደቱ ሙሉ ነው› አላት።»

እዚህ ውስጥ ያለው ዘውድና የራስ ጨርቅ ከሳንቲሙ የተወሰደ እውነት ነው፤ የወርቁ ጽሑፍ ለባዕድ ነጋዴ እንጂ ለአገሬው ሰው አለመሆኑም እውነት ነው። ሴቲቱ፣ ነጋዴውና ጥያቄው ፈጠራ ናቸው። ሁለቱ ገጾች፣ ዘውዱና ጨርቁ፣ ስለ ምናኔው አንዲት ቃል ሳይነገር ስድስቱን ዓመታት ያመለክታሉ። በየምዕራፉ እንዲህ ያለ አንድ ዕቃ ይፈልጉ፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ግን ምዕራፉ ሙዚየም ይሆናል።

ስምንተኛ፦ ለባላጋራውም ፍርድ መስጠት

ካሌብ በስንክሳር ግንቦት 20፣ የናጅራን ሰማዕታት ደግሞ ኅዳር 26 ይታሰባሉ። የሂምያሩ ንጉሥ የአይሁድ እምነት ተከታይ ነበር። መጽሐፉን የሚያነበው ክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ ቤተ እስራኤሉም ሙስሊሙም ያነበዋል። የጭፍጨፋውን ክብደት መቀነስ አይገባም፤ ሆኖም የባላጋራውን ምክንያት ከራሱ ጽሑፍ መስማት ይቻላል። ያ የ523 የዓለት ጽሑፍ በዋና ከተማው በዘፋር የነበሩትን ሐበሾች ስለ መግደልና ቤተ ክርስቲያን ስለ ማቃጠል፣ ንጉሡም የሐበሾችን መምጣት ጠብቆ የቀይ ባሕሩን ደቡባዊ መግቢያ፣ የማንደብን «ሰንሰለት» ስለ ማጠናከሩ ይናገራል። በመዲናው የባዕድ ጦር የሰፈረበት፣ ባሕሩን እያየ የሚያድር ሰው ነው። ይህን ፍርሃት የያዘ አንድ ምዕራፍ ቢጻፍለት ካሌብም ይገዝፋል፤ ገለባ የመታ ንጉሥ ማን ያደንቀዋል?

በመጨረሻ፦ የኋላ ማስታወሻ

ከመጽሐፉ ጀርባ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ማስታወሻ ያያይዙ። የትኛው ሰው በታሪክ የነበረ፣ የትኛው የተፈጠረ እንደሆነ፣ የቱን ቀን ከየትኛው ምስክር እንደወሰዱ፣ የት ላይ ገድሉን ትተው መንገደኛውን እንደተከተሉ በግልጽ ይጻፉ። በአገራችን ልብ ወለድ ቶሎ ታሪክ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያቺ የጋባዛ ሴት በአንድ የምረቃ ንግግር ላይ እንደ እውነተኛ ሰው ስትጠራ የሰማ ጸሐፊ ማስታወሻውን ባለመጻፉ ይቆጫል። ለአዱሊስ፣ ለጋባዛ፣ ለአክሱም፣ ለዘፋርና ለናጅራን አንድ ቀላል ካርታ ይጨምሩ፤ ከአዱሊስ እስከ አክሱም ባለው መስመር ላይ ደግሞ 8፣ 12 እና 15 የሚሉትን ሦስቱንም ቁጥሮች ይጻፉባቸው።